የጣሪያ ዝናብን ለመጠጥ ማጠራቀም፦ ከአሸንዳ እስከ ሮቶ፣ ለአዳማ ቤቶች

ግንቦት ሲጋመስ የሰፈር ሰው ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። ገና ያልገዛው «ስንት ሊትር ሮቶ ልግዛ?» ይላል። ዓምና የገዛው ደግሞ «ውሃው ጥቅምት ላይ ሸተተብኝ፣ አረንጓዴም ሆነ፤ ምን ላድርግ?» ይለኛል። በየደጁ ከመድገም አንድ ቦታ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል። መመሪያው 40 ካሬ ሜትር ገደማ የቆርቆሮ ክዳን ላለው ተራ የአዳማ ቤት የተሠራ ነው። የእናንተ ቢያንስም ቢበልጥም ራሳችሁ እንድታስተካክሉት እያንዳንዱን ቁጥር ከነምክንያቱ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ፦ ይህ ውሃ ለምን ይውላል?

ለመጠጥና ለምግብ ብቻ። ለልብስ፣ ለወለል ወይም ለሽንት ቤት አታውሉት። ይህን ካልወሰናችሁ ሮቶው ኅዳር ሳይገባ ባዶ ይሆናል፤ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ምክንያቱ ያለንበት ቦታ ነው። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተስቦ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በመንገዱ ከላይ ያለው ከተማ፣ ፋብሪካና እርሻ ሁሉ ይቀዳበታል፤ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክመው የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞችም ቆቃ ግድብ ከመድረሱ በፊት ይገቡበታል። እንዲህ ያለውን ውሃ ለመጠጥ ማብቃት ብዙ ሥራና ብዙ ኬሚካል ይጠይቃል፤ ደርሶም በፈረቃ ነው የምናገኘው።

የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የስምጥ ሸለቆ ዐለት እሳተ ገሞራ የተፋው ስለሆነ የከርሰ ምድሩ ውሃ በውስጡ ሲቆይ ፍሎራይድ ያሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል። ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ድረስ፣ ይህን ውሃ ከጠጡ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል፤ እዚሁ አጠገባችን ወንጂ ላይ በሕክምና ተጠንቶ የታየ ጉዳት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ክሎሪንም አይነካውም፣ ተራ የአሸዋ ማጣሪያም አያስቀረውም። የዝናብ ውሃ ግን ከዐለቱ ጋር ሳይገናኝ ስለሚመጣ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። ልጅ ያለበት ቤት ይህን ውሃ ለእጥበት ሲያፈሰው ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ስሌቱ

በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከዚህ በቀር ልታስታውሱት የሚገባ ቀመር የለም።

አዳማ በዓመት በአማካይ 800 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ብዙው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። 40 ካሬ ሜትር በ800 ሲባዛ 32,000 ሊትር ይሆናል። በነፋስ የሚረጨውን፣ የሚተነውንና እኛው የምንደፋውን አንድ አምስተኛ ቀንሱለት፤ 25,600 ሊትር ይቀራል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ቢቆጠር 1,280 ጄሪካን ነው።

ጣሪያውን ስትለኩ ተዳፋቱን አትለኩ፤ መሬት ላይ ቆማችሁ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ርዝመትና ስፋት አባዙ። አሸንዳ የሚገባው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የዚያን ወገን ስፋት ብቻ ውሰዱ።

አሁን ወደ ሮቶው። 5 ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለምግብ በሰው 5 ሊትር ቢይዝ በቀን 25 ሊትር ይበቃዋል። 2,000 ሊትር ሮቶ 80 ቀን፣ 5,000 ሊትር ደግሞ 200 ቀን ያደርሳል። መስከረም 20 ላይ ሞልታችሁ ብትጀምሩ የመጀመሪያው ታኅሣሥ 10 አካባቢ ያልቃል፤ ሁለተኛው እስከ ሚያዝያ 10 ይሄዳል፣ ያኔ የበልግ ዝናብ ሊያግዛችሁ ይችላል። ስለዚህ አቅም ካለ 5,000 ግዙ። ከሌለ በ2,000 ጀምሩና ሁለተኛ የምትጨምሩበትን ቦታ ተዉ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ትልቅ ሮቶ ከምትገዙ ወፍራምና ጥቁር ትንሽ ሮቶ ብትገዙ እመርጣለሁ። ብርሃን ከገባ አረንጓዴው ይበቅላል፤ መድኃኒቱ ጨለማ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- አሸንዳ፣ የላሜራ ወይም የፒቪሲ፣ ወርዱና ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ የጣሪያችሁን ጠርዝ ያህል (እዚህ 8 ሜትር ይዘናል)
- የአሸንዳ መያዣ ብረት 15
- ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ፣ ባለ 6 ሜትሩ 2
- የዚሁ ቱቦ ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) 1፣ ኤልቦ (መታጠፊያ) 4፣ ተሽከርክሮ የሚከፈት ክዳን 1
- ሮቶ ከነክዳኑ፣ ቧንቧ ከነማያያዣው
- ዝገት የማይዘው ጥቅጥቅ ያለ የወንፊት ሽቦ፣ ግማሽ ሜትር
- ለመቆሚያው ድንጋይ ወይም ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ባለ 8 ፌሮ (8 ሚሊ ሜትር የግንባታ ብረት)
- የፒቪሲ ማጣበቂያ፣ ሲሊኮን፣ ቴፍሎን
- ሜትር፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ ጠንካራ መሰላል
- ሽታ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና፣ የእጅ ጓንት፣ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ

ማስጠንቀቂያ

ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ወደ ቤታችሁ የሚገባው ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው። አሸንዳው በዚያ ወገን የሚሄድ ከሆነ ባለሙያ ሽቦውን ሳያነሳ ላሜራ ይዛችሁ መሰላል አትውጡ። ጣሪያው አስቤስቶስ ከሆነ ወይም እርሳስ ሊኖርበት በሚችል አሮጌ ቀለም ከተቀባ ውሃውን ለመጠጥ አታስቡት፤ ለአትክልት ይሁን። ከጎናችሁ ሰው ሳይቆም ሮቶ ውስጥ አትግቡ፤ የበረኪና ሽታ ባለበት ጊዜ ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

አሠራሩ

1. ጣሪያውን አጽዱና ፈትሹ። በላዩ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡ፤ ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበት ወፍም ነው ችግሩ። የዛገውንና የሚረግፈውን ቆርቆሮ ቀይሩ። አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም አዲስ የተመታ ቆርቆሮ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዝናቦች ሙሉ በሙሉ ድፉ፤ የፋብሪካ ዘይትና ቀለም ይታጠብበታል።

2. መቆሚያውን ሥሩ። የብዙ ሰው ሮቶ የሚሰነጠቀው ከታች ነው፤ ጥፋቱም የሮቶው አይደለም። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናል፣ 2,000 ሊትር 2 ቶን ማለት ነው። የአዳማ አፈር በብዙ ቦታ ልልና አመዳማ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ቁጭ ይላል። 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ አፈሩን አርሳችሁ ደቅድቁ፣ ድንጋይ ሙሉበት፤ ከዚያ ዙሪያውን በድንጋይ ገንቡና ውስጡን በተደቀደቀ ጠጠር ሙሉ። በላዩ ባለ 8 ፌሮ የተዘረጋበት 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ሙሉ፤ 1 ሳምንት ውሃ እያጠጣችሁ ጠብቁት። ወለሉ ከሮቶው ዙሪያ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ይውጣ።

የሮቶው ቂጥ በሙሉ የኮንክሪቱን ወለል መንካት አለበት። በሁለት ብረት ወይም በተራራቀ ሳንቃ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ሲሞላ መሐሉ ይጎብጣል፣ ከዚያ ይቀደዳል።

ከፍታውን 60 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ከቧንቧው ሥር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው። ከዚህ ዝቅ ካለ ልጆች በጆግ መቅዳት ይጀምራሉ፣ ብክለቱም ከዚያ ይመጣል። ከዚህ ከፍ ቢል ደግሞ ቀጣዩ ችግር አለ፦ የመቆሚያውና የሮቶው ቁመት ተደምሮ ከአሸንዳው መውጫ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት፤ አለዚያ ውሃው ወደ ሮቶው የሚወርድበት ተዳፋት አያገኝም። ሮቶውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በሜትር ለኩ። ከተቻለ የከሰዓት ፀሐይ የማይመታው፣ ለማእድ ቤት የቀረበ ጎን ምረጡ።

3. አሸንዳውን ስቀሉ። ዝናቡን የምታገኙት ወይም የምታጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ በሉ።

የተለመደው ምክር በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ስጡ ነው። 8 ሜትር በሆነ ጠርዝ ይህ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ታዲያ መውጫው ጋ አሸንዳው ከቆርቆሮው 8 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይቀራል፤ ያን ክፍተት የአዳማ ነፋስ አይምረውም። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ አሸንዳው ሳይደርስ ግድግዳ ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስጡ፤ በ8 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚህም ያነሰ እንዳታደርጉ፤ ውሃ ከቆመ አቧራው ይዘቅጣል፣ ትንኝም ይፈለፈላል።

እንዲህ አድርጉ፦ በሩቁ ጫፍ አንድ ሚስማር ምቱ፣ ሲባጎ እሰሩበትና በውሃ ልክ አስተካክላችሁ እስከ መውጫው ዘርጉት። መውጫው ጋ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ሌላውን ሚስማር ምቱ። መያዣ ብረቶቹን ሲባጎውን ተከትላችሁ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ እሰሩ። ከዚህ ካራቃችኋቸው ዶፍ ሲወርድ አሸንዳው ክብደቱን አይችልም፣ መሐሉ ይጎብጣል።

የቆርቆሮው ጫፍ አሸንዳው ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይግባ። ከዚያ ከበለጠ ኃይለኛ ዝናብ በአሸንዳው ላይ ዘሎ ያልፋል። ከዚያ ካነሰ ደግሞ ውሃው በቆርቆሮው ሥር ተመልሶ እንጨቱን ያበሰብሳል።

መጋጠሚያዎቹን በሲሊኮን ዝጉ፤ 1 ቀን ይድረቅ። ቀጥሎ ዝናብ ሳትጠብቁ ፈትኑት፦ በሩቁ ጫፍ አንድ ጆግ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ተመልከቱ። ውሃው ሳይቆም መውጫው መድረስ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ኩሬ ሠርቶ ከቀረ እዚያ ያለውን መያዣ ፈትታችሁ ትንሽ አንሱት።

4. የመጀመሪያውን ውሃ መጣያ ቱቦ አብጁ። ከሁሉ በላይ የሚዘለለው ይህ ነው። ጥቅምት ላይ የሸተተ ውሃ ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የማየው ይህ ቱቦ መኖር አለመኖሩን ነው፤ በአብዛኛው የለም።

አዳማ ነፋሻማ ከተማ ናት፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት በከንቱ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጣሪያ ላይ አቧራ ይከመራል፤ የእርግብ ኩስ፣ የደረቀ ቅጠልና የሞተ ነፍሳት ይጨመርበታል። ዝናብ ሲጀምር ይህ ሁሉ ታጥቦ የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ያንን ብቻ ለይታችሁ ከጣላችሁት ከኋላው የሚመጣው ንጹሕ ነው።

መጠኑ በካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ነው፤ ለ40 ካሬ ሜትር 20 ሊትር። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ1 ሜትር ቁመቱ ወደ 8 ሊትር ተኩል ስለሚይዝ 2 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ይበቃል።

ከአሸንዳው መውጫ ላይ ቲውን ግጠሙ። አንዱ መውጫ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው የ2 ሜትር ከ40 ቱቦ ነው፤ ታቹ በሚከፈተው ክዳን ይዘጋ። ሁለተኛው መውጫ በጎን ወደ ሮቶው ይሂድ። ዝናብ ሲጀምር ቆሻሻው ውሃ ቁልቁል ወርዶ የቆመውን ቱቦ ይሞላል፤ ሲሞላ ቀጣዩ ውሃ በጎን ይሄዳል። ክዳኑ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ዝናቡ ካባራ በኋላ በራሱ ተንጠባጥቦ ባዶ ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ዝናብም ዝግጁ ነው። ከሥሩ ጄሪካን አስቀምጡ፤ ያ ውሃም ለሽንት ቤት ይሆናል።

ቱቦውን በግድግዳው ላይ በሦስት ቦታ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ቀዳዳው በደለል ስለሚደፈን ክረምቱን በሙሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ክዳኑን ፈትታችሁ እጠቡት። የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ ቱቦው ብቻውን አይችለውም፤ ሮቶው ላይ የሚገባውን ቱቦ ነቅላችሁ ያንን ዝናብ ሙሉውን ወደ አትክልት ልቀቁት። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ላባና አሸዋ ይዞ ሲወርድ በዓይናችሁ ካያችሁት ሁለተኛ የሚነግራችሁ አያስፈልግም።

5. መግቢያውን በወንፊት ዝጉ። ሮቶው ውስጥ የሚገባው ቱቦ አፍ ላይ የወንፊት ሽቦውን በደንብ አስራችሁ ዙሪያውን ክፍተት አታስቀሩ። ከሮቶው የሚወጣውን ማንኛውንም አፍ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውን ጭምር፣ እንዲሁ ዝጉ።

ይህ የቆሻሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ነው። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ በሮቶ፣ በበርሜልና በግንባታ ገንዳ ትራባለች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ከእንቁላል እስከ መብረር በሞቀ አየር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃታል። ወንፊት የሌለው ሮቶ ለቤታችሁም ለጎረቤትም ወባ ያመጣል።

6. ቧንቧና የትርፍ መውጫ። ቧንቧው ከሮቶው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገጠም፤ ደለል ከታች ይቀራል። ጥርሱን በቴፍሎን ጠቅልሉት። የትርፍ መውጫው ውፍረት ከመግቢያው እኩል ይሁን፤ ቀጭን ከሆነ ሐምሌ ላይ ውሃው በክዳኑ በኩል ገንፍሎ መቆሚያውን ይሸረሽራል። ትርፉን ከቤቱ መሠረት 3 ሜትር አርቃችሁ ወደ ፓፓያው ወይም ወደ አቮካዶው ሥር ምሩት። መንገድ ላይ አትልቀቁት፤ ከተማችን በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች የእያንዳንዱ ጣሪያ ጎርፍ ዝቅ ያለ ሰፈር ላለው ሰው ቤት ይገባል።

7. ሮቶውን እጠቡ። አንዳንድ መመሪያ ሮቶውን ሙሉ በክሎሪን ውሃ ሞልታችሁ ድፉ ይላል። በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ሰው ይህ ብክነት ነው። በአንድ ጄሪካን (20 ሊትር) ውሃ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ቀላቅሉ። ጓንት አድርጋችሁ ከውጭ ሆናችሁ በረጅሙ ብሩሽ ግድግዳውንና ወለሉን እሹ፤ 30 ደቂቃ አቆዩትና በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ወይም ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

8. ከቀዳችሁ በኋላ አክሙት። በትክክል የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ጥርት ማለት ግን ከጀርም ነጻ ማለት አይደለም። ወፍ ጣሪያው ላይ መውጣቱን አትከለክሉም። ለሚጠጣው ብቻ ከሁለቱ አንዱን አድርጉ፦ ውሃው ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ይፍላ፤ ወይም ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ለወጥና ለገንፎ የሚሆነው እሳት ላይ ስለሚውል ሌላ አይፈልግም። የታከመውን አፈ ጠባብ በሆነ ጄሪካን ወይም ቧንቧ ባለው ባልዲ አስቀምጡ፤ ጣሳ አይግባበት።

9. ቁጠሩ። ጥቁር ሮቶ ውስጡ አይታይም። ግልጽ ቱቦ ገጥመው ደረጃውን የሚያዩ አሉ፤ በቱቦው ብርሃን ስለሚገባ አልመክረውም። መስከረም ላይ ከሞላ በኋላ በእያንዳንዱ ጄሪካን ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት አድርጉ። 2,000 ሊትር 100 ጭረት ነው። 50 ሲደርስ ግማሹ እንዳለቀ ቤተሰቡ ሁሉ ያያል፤ ከዚያ በኋላ «ለእግር መታጠቢያ ትንሽ» የሚል አይኖርም።

የተለመዱ ስሕተቶች

*ሮቶው ሲጎድል የቦቴ ውሃ መሙላት።* ቦቴው ከየት እንደቀዳ ካላወቃችሁ የጉድጓድ ፍሎራይድ ከንጹሑ ጋር ትቀላቅላላችሁ። የቦቴውን በበርሜል ለብቻው ያዙና ለእጥበት አውሉት። የራሳችሁ ጉድጓድ ካለ በላቦራቶሪ አስመርምሩ፤ ፍሎራይድ በቀለምም በጣዕምም አይታወቅም።

*ውሃው ሸተተ።* ከታች ቅጠልና ደለል ተቀምጦ እየበሰበሰ ነው። ክሎሪን ማብዛት ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ምክንያቱን አያነሳም። የላይኛውን ንጹሕ ውሃ በቧንቧው ወደ ጄሪካኖች ቅዱ፣ የቀረውን ደለል አስወጡ፣ በ7ኛው ተራ እንደተባለው እጠቡና የቀዳችሁትን መልሱ፤ የሚጠጣውን አክሙት። ከዚያ 4ኛውን ተራ ፈትሹ።

*አረንጓዴ ሆነ።* ብርሃን ገብቷል። ክዳኑ ተሰንጥቆ ወይም ሮቶው ነጣ ያለ ሆኖ ይሆናል። ሮቶውን ከውጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት ወይም በወፍራም ሸራ ሸፍኑት።

*ትናንሽ የሚወራጩ ትሎች ታዩ።* የትንኝ እጭ ናቸው። ውሃውን በጥቅጥቅ ነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ አፍሉት፣ የተቀደደውን ወንፊትም ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በትርፍ መውጫው በኩል ነው።

*የዝገት ጣዕም።* አሮጌ ቆርቆሮ ወይም የላሜራ አሸንዳ መጋጠሚያ ነው። ቀይሩት።

በዓመት ውስጥ የሚሠራ

ግንቦት ላይ ጣሪያና አሸንዳ ጥረጉ፣ ሲሊኮኑን ፈትሹ፣ ባዶ የሆነውን ሮቶ እጠቡ። ክረምቱን በየሳምንቱ የመጣያ ቱቦውን ክዳን ክፈቱ፤ በየ2 ሳምንቱ ወንፊቱን አራግፉ። መስከረም ማብቂያ ላይ ሮቶው ሞልቶ ዝናቡ ሲያቆም የመግቢያውን ቱቦ ነቅላችሁ አፉን በክዳን ዝጉ፤ የበጋው አቧራ በነፋስ እንዳይገባ ነው። በበጋ መሐል ያልታሰበ ካፊያ ቢመጣ አትቀበሉት፤ የሚያወርደው የወራት አቧራ ነው።

ሁለተኛ ሮቶ ለምትጨምሩ

ሁለቱም በአንድ ልክ ወለል ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ ከፍ ካለ ዝቅ ያለው ይገነፍላል፣ ከፍ ያለው አይሞላም። ከታች በቱቦ አገናኟቸውና መሐሉ ላይ መዝጊያ አድርጉ። እያንዳንዱ የራሱ ቧንቧና የትርፍ መውጫ ይኑረው። ክረምቱን መዝጊያው ክፍት ሆኖ አብረው ይሞላሉ። መስከረም ላይ ዝጉትና ከአንዱ ብቻ መቅዳት ጀምሩ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም፣ አንዱን ስታጥቡም ቤቱ ውሃ አያጣም።